አምባዛን በብዙ መንጠቆ ገመድ ማጥመድ፤ ስንት መንጠቆ ይበቃል?

1. መግቢያ

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በጣና ዳር የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በሙሉ ወይም በከፊል የሚመሩት ዓሣ በማስገር ነው። አብዛኛው አስጋሪ የሚሠራው በመረብ ቢሆንም አምባዛን ለመያዝ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አስሮ ውኃ ውስጥ ማሳደር በዝዋይ (ደምበል)፣ በሐዋሳና በሌሎችም ሐይቆች የተለመደ ነው። ይህ መሣሪያ በአንዳንድ ቦታ «ሎንግ ላይን» እየተባለ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ግን «የመንጠቆ ገመድ» እንለዋለን።

ስለዚህ መሣሪያ አስጋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በአንድ ገመድ ላይ ስንት መንጠቆ ባስር ይሻለኛል?» የሚል ነው። ብዙዎቹ መልሱን ገምተው ነው የሚመጡት። መቶ መንጠቆ አሥር ዓሣ ከያዘ ሦስት መቶው ሠላሳ መያዙ አይቀርም ይላሉ። ሂሳቡ ሲነገር ትክክል ይመስላል፤ ውኃ ላይ ሲሞከር ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም።

ጥያቄው የኛ አገር ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ወንዞች ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምዱ ሰዎችም በአንድ ክር ላይ አንድ ዝንብ ይበቃል ወይስ ሁለት ይሻላል በሚለው ይከራከራሉ። ሁለተኛው ዝንብ ዓሣ የማግኘትን ዕድል ይጨምራል የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዓሣው በአንደኛው ተይዞ ሲታገል ነፃው መንጠቆ ከድንጋይ ወይም ከመረብ ጋር ይያያዝና ዓሣውም ክሩም ይጠፋል ይላሉ። ሁለት መንጠቆ ይህን ያህል ካከራከረ፣ በመቶና በሁለት መቶ መንጠቆ የሚሠራው የኛ አስጋሪ ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

እኛ በትምህርት የሠለጠንነው በሰብል ነው። ጤፍ ከመጠን በላይ ወፍሮ ሲዘራ አዝመራው እንደሚጋሸብና ምርቱ እንደሚቀንስ ለገበሬው ስናስተምር ቆይተናል። ሆኖም የመጀመሪያውን የመንጠቆ ገመድ ከአስጋሪዎች ጋር ስንሠራ ይህንኑ ትምህርት ዘንግተን ነበር። መንጠቆው እንዲበዛልን ስንል በየአንድ ሜትሩ አሰርን፤ ከዋናው ገመድ የሚወርደውም ክር አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነበር። በማግሥቱ ገመዱን ስናነሣ አንድ አምባዛ ሌሊቱን ሲሽከረከር አድሮ በግራና በቀኙ ያሉትን መንጠቆዎች ሁሉ በራሱ ላይ ጠምጥሞ አገኘነው። ያን ጠዋት የዋልነው ዓሣ በማውጣት ሳይሆን ውል በመፍታት ነው። አብረውን የነበሩት ሽማግሌ አስጋሪ «መንጠቆ ጨመራችሁ እንጂ ዓሣ አልጨመራችሁም» አሉን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ትምህርት በእሳቸው አነጋገር ውስጥ ይገኛል።

2. የአምባዛ ጠባይ

መሣሪያውን በደንብ ለመሥራት አስቀድሞ የዓሣውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢም ያለው ዓሣ ነው። ዓይኑ ትንሽ ነው። ምግቡን የሚያገኘው በይበልጥ በጢሙና በማሽተት ችሎታው ስለሆነ በደፈረሰ ውኃና በጨለማ ውስጥ ያለ ችግር ይመገባል። ትልና ነፍሳት፣ ትንንሽ ዓሣ፣ የሞተ እንስሳ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ ክፍል አለው። በዚህም ምክንያት ሌላው ዓሣ ሊኖርበት በማይችል ጭቃማና አየር ባነሰው ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ከውኃ ወጥቶም ገላው እስካልደረቀ ድረስ ለብዙ ሰዓት ሳይሞት ይቆያል።

ከዚህ ጠባይ ለሥራችን የሚጠቅሙ አራት ነገሮች እንማራለን፦

ሀ) አምባዛ በአብዛኛው ከሐይቁ ወለል አጠገብ ስለሚመገብ መንጠቆው ወደ ታች መውረድ አለበት።
ለ) የሚንቀሳቀሰው በይበልጥ ሌሊት ስለሆነ ገመዱ የሚጣለው ወደ ማታ፣ የሚነሣውም ጎሕ ሲቀድ ነው።
ሐ) በሽታ የሚመራ በመሆኑ ከመንጠቆው ብዛት ይልቅ የማባበያው ጠረንና ጥንካሬ ይወስናል።
መ) ሲያዝ በኃይል የሚሽከረከር ስለሆነ በመንጠቆና በመንጠቆ መካከል በቂ ርቀት ያስፈልጋል።

3. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከዚህ በታች የተዘረዘረው 100 መንጠቆ ላለው አንድ ገመድ የሚያስፈልገው ነው።

ሀ) ዋና ገመድ፦ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 210 ሜትር የሆነ የናይሎን ገመድ። ገበያ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል ግን ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ የፕላስቲክ ገመዶች አሉ። የሚንሳፈፍ ገመድ ለአምባዛ አይሆንም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቁራጩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጥሎ መስጠሙን ማየት ይበጃል።

ለ) ቅጥያ ክር፦ ከዋናው ገመድ ወርዶ መንጠቆውን የሚይዘው ክር ነው። ለእያንዳንዱ መንጠቆ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በጠቅላላው 60 ሜትር ጠንካራ የተገመደ ናይሎን ያስፈልጋል። በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ በኋላ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀራል።

ሐ) መንጠቆ፦ 100 ለሥራ፣ 10 ለመተኪያ።

መ) ድንጋይ፦ ለሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 2 ድንጋዮች፣ በመካከል ለሚታሰሩት ደግሞ ግማሽ ኪሎ የሚሆኑ 4 ድንጋዮች።

ሠ) ተንሳፋፊ፦ ክዳናቸው በደንብ የተዘጋ 2 ባዶ ጀሪካኖች። ከሩቅ እንዲታዩ ደማቅ ጨርቅ ይታሰርባቸዋል፤ የባለቤቱም ምልክት ይደረግባቸዋል። ከዚህ ሌላ ገመዱን ከጭቃው ከፍ ለማድረግ የሚያገለግሉ ትንንሽ የቡሽ ወይም የፕላስቲክ ቁራጮች ያስፈልጋሉ።

ረ) መያዣ፦ ሰፋ ያለ ቅርጫት ወይም ሣጥን። በአፉ ዙሪያ መንጠቆ የሚሰካበት ወፍራም የጭድ ገመድ ይሰፋበታል።

ሰ) ፒንሳ፣ ስለታም ቢላዋ፣ እጀታ ያለው መረብ፣ ጓንት ወይም ወፍራም ጨርቅ።

4. ስለ መንጠቆው መጠን

መንጠቆ በቁጥር ይሸጣል። በተለመዱት ትንንሽ መንጠቆዎች ዘንድ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይመሳሰልም። ስለዚህ በቁጥሩ ከመተማመን ይልቅ በማስመሪያ መለካት ይሻላል። የሚለካውም ከመንጠቆው ግንድ እስከ ጫፉ ያለው ክፍተት ነው። ለገበያ የሚሆን አምባዛ ለመያዝ ክፍተቱ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ መንጠቆ እንመክራለን።

ትንሽ መንጠቆ ብዙ ዓሣ ይይዛል የሚል ሐሳብ ይሰማል። እውነት ነው፣ በቁጥር ብዙ ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን የሚይዘው ገና ያልወለደውንና ዋጋ የማያወጣውን ነው፤ ትልቁ ዓሣ ሲመጣም ወይ ይቃናል ወይ ይሰበራል። መረብ ዓሣን በዓይኑ ስፋት እንደሚመርጥ ሁሉ የመንጠቆ ገመድም በመንጠቆው መጠን ይመርጣል። ይህን ጥቅም ማጣት አይገባም።

5. የገመዱ አሠራር

ሀ) ዋናውን ገመድ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሁለቱም ጫፍ 5፣ 5 ሜትር ያህል ባዶ መተው።

ለ) ከዚያ በየ2 ሜትሩ በቀለም ወይም በክር ምልክት ማድረግ። መቶ ምልክት 198 ሜትር ይወስዳል። ከሁለቱ ጫፎች ጋር 208 ሜትር ይሆናል።

ሐ) በየምልክቱ ቅጥያ ክሩን አጥብቆ ማሰር። ቋጠሮው በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ የገመዱን ጥምር ከፈት አድርጎ ክሩን በመካከሉ አሳልፎ መቋጠር ነው።

መ) በክሩ ጫፍ መንጠቆውን ማሰር፤ ከዚያም በእጅ በኃይል ስቦ መፈተን። ላልቶ የሚታይ ቋጠሮ እንደገና ይታሰራል።

ሠ) በየ20 መንጠቆው ግማሽ ኪሎ ድንጋይ የሚታሰርበት ቀለበት መተው። ወለሉ ጭቃ በሆነበት ቦታ በየሁለቱ ድንጋይ መካከል አንድ ትንሽ ተንሳፋፊ ማሰር። እንዲህ ሲደረግ መንጠቆው ጭቃ ውስጥ ከመቀበር ይድናል።

ረ) የጀሪካኑ ገመድ ከውኃው ጥልቀት በሲሶ ያህል ይርዘም። ዝዋይን በመሰለ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ በሆነ ሐይቅ አጭር ገመድ ይበቃል፤ ሐዋሳን በመሰለ ጥልቅ ሐይቅ ግን አስቀድሞ ድንጋይ በገመድ አውርዶ ጥልቀቱን መለካት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ በጥብቅ መያዝ አለበት። የቅጥያው ክር ርዝመት በሁለት መንጠቆዎች መካከል ካለው ርቀት ከግማሽ በታች መሆን ይኖርበታል። ርቀቱ 2 ሜትር፣ ክሩ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ጎረቤት መንጠቆዎች ምንም ቢወዛወዙ አይደራረሱም። በመግቢያው የተናገርነው ጥፋታችን ይህን ደንብ ያለመጠበቅ ነበር።

6. ስለ ማባበያ

በብዙ ቦታ የሚታየው ልማድ የቆሮሶን ጫጩት በትንሽ ዓይን መረብ ከዳር ሰብስቦ በመንጠቆ ላይ መሰካት ነው። ይህ ልማድ አስጋሪው ሳያውቀው ከራሱ ጎተራ ዘር አውጥቶ እንደመብላት ነው። ሂሳቡን አብረን እንመልከት። አንድ አስጋሪ 300 መንጠቆ ቢኖረውና በሳምንት 5 ሌሊት ቢያጠምድ 1,500 ጫጩት ያስፈልገዋል። ከነዚህ ውስጥ ሌላው ሁሉ በሌላ ምክንያት ይሞት ነበር ብንልና ከአምስት አንዱ ብቻ 200 ግራም እስኪሆን ያድግ ነበር ብንል፣ በሳምንት 300 ቆሮሶ ወይም 60 ኪሎ ግራም ዓሣ ከሐይቁ ቀደም ብሎ ተነሥቷል ማለት ነው። ይህ ከተያዘው አምባዛ ላይ ሊቀነስ የሚገባ ወጪ ነው፤ ሆኖም ማንም በደብተሩ አይጽፈውም።

በምትኩ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

ሀ) ቆሮሶ ከተላጠና ሥጋው ከተነሣ በኋላ የሚጣለው ቆዳ፣ ራስና ከሆዱ በኩል ያለው ጠንካራ ሥጋ። በዓሣ ማውረጃ ቦታዎች ይህ ሁሉ ለአሞራ ሲጣል ይታያል።
ለ) ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ፣ ጨጓራና ጅማት።
ሐ) ያልተሸጠና መሽተት የጀመረ ዓሣ።

ማባበያው 20 ግራም ያህል ሆኖ ይቆረጥ። አንጀት ጠረኑ ጥሩ ቢሆንም ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ሲሰካ ቶሎ ይወልቃል። ስለዚህ አንጀቱን በቆዳ ጠቅልሎ፣ መንጠቆውን በቆዳው ሁለት ጊዜ አሳልፎ መስካት ይሻላል። ጫፉ ግን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ ትንሽ ብቅ ይበል።

7. ገመዱን መጣልና ማንሣት

ገመዱን ለመጣል ጥሩው ጊዜ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተጣለ ቀን የሚመገቡት ትንንሽ ዓሦች ማባበያውን ለቃቅመው ይጨርሱታል። ሌሊት ሲገባና አምባዛው ሲወጣ የሚያገኘው ባዶ ብረት ይሆናል።

ሥራው በሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ጀልባውን በቀስታ ይቀዝፋል፤ ሌላው መጀመሪያ ጀሪካኑንና ትልቁን ድንጋይ ጥሎ መንጠቆዎቹን ከቅርጫቱ አፍ በተራ እያነሣ ይለቃል። ገመዱ ሲጣል በመጠኑ እንደተወጠረ መሆን አለበት። ከላላ በወለሉ ላይ ይከመራል።

የሚጣልበት ቦታ ከሣሩና ከደንገሉ ወጣ ብሎ፣ ውኃው መጥለቅ በሚጀምርበት በኩል፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ቢሆን መልካም ነው። የጀልባ መንገድና የሌላ ሰው መረብ ያለበት ቦታ አይጣልም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንሣት ይጀመራል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነፋሱ እየበረታ የሚሄደው ረፈድ ሲል፣ በይበልጥም ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ውኃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ሥራውን መጨረስ ያስፈልጋል። ዓሣው ከውኃ ከመውጣቱ በፊት መረቡ ከበታቹ ይግባ። በክሩ ብቻ ወደ ላይ የተሳበ ትልቅ አምባዛ ጀልባው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቅሎ የሚያመልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

8. የመንጠቆው ብዛት እንዴት ይወሰናል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የመንጠቆውን ብዛት የሚወስኑ አራት ልኮች አሉ።

የመጀመሪያው የእጅ ልክ ነው። አንድን መንጠቆ ለማንሣት፣ ዓሣ ካለው ለማላቀቅ፣ ከሌለው ጠርጎ ቅርጫት ላይ ለመስካት በአማካይ አንድ ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 100 መንጠቆ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የጀመረ ሰው ከ2 ሰዓት በፊት ይጨርሳል። 300 መንጠቆ ግን 5 ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ሥራው ሲያልቅ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ የወጣው ዓሣ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል፤ ገበያተኛው ሄዷል፤ ነፋሱም ተነሥቷል። አምባዛው በሕይወት ቢቆይ እንኳ አብሮት የተያዘው ቢልጫ ሞቶ ይበላሻል።

ሁለተኛው የማባበያ ልክ ነው። እያንዳንዱ መንጠቆ 20 ግራም ማባበያ ቢፈልግ 100 መንጠቆ 2 ኪሎ፣ 300 መንጠቆ 6 ኪሎ በየሌሊቱ ይፈልጋል። ስድስት ኪሎ ጠንካራ ማባበያ በየቀኑ የማያገኝ አስጋሪ ወይ ቁራጩን ያሳንሳል፣ ወይ ግማሹን መንጠቆ ባዶውን ይጥላል፣ ወይ ወደ ጫጩቱ ይመለሳል። ሦስቱም ኪሳራ ናቸው።

ሦስተኛው የቦታ ልክ ነው። ሁለት ማባበያ በአንድ ሜትር ርቀት ሲቀመጥ ሁለቱንም የሚያሸተው አንድ ዓሣ ነው። እሱ በአንዱ ከተያዘ ሌላው ሲጠብቅ ያድራል። ስለዚህ መንጠቆ መጨመር የሚጠቅመው አዲስ ቦታ የሚሸፍን ሲሆን ብቻ ነው። በዚያው ርዝመት ላይ ማጠጋጋት ጥቅም የለውም።

አራተኛው የሐይቁ ልክ ነው። በአንድ ማውረጃ 40 አስጋሪዎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 100 መንጠቆ ቢኖራቸው በየሌሊቱ 4,000 መንጠቆ ይጣላል። ሁሉም ሦስት እጥፍ ቢያደርጉ 12,000 ይሆናል። ሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን በመንጠቆው ልክ ሦስት እጥፍ አይሆንም። ለአንድ ሳምንት ምናልባት ብዙ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ አስጋሪ ሦስት እጥፍ ደክሞና ሦስት እጥፍ ማባበያ አውጥቶ ቀድሞ ያገኘውን ለማግኘት ይቸገራል። ትልልቅ ናይል ፐርች በማውጣት ይታወቅ የነበረው የጫሞ ሐይቅ ከልክ ባለፈ ማስገር ምክንያት ምርቱ ምን ያህል እንደተጎዳ የአርባ ምንጭ አስጋሪዎች ከኛ ይበልጥ ያውቃሉ።

እነዚህን ልኮች በማየት ብቻውን ለሚሠራ ጀማሪ ከ50 እስከ 60 መንጠቆ፣ በአንድ ጀልባ ለሚሠሩ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከ100 እስከ 120 መንጠቆ ይበቃል የሚል አስተያየት አለን። ከዚህ በላይ ለመጨመር የሚያስብ አስጋሪ አስቀድሞ የራሱን ገመድ ይመርምር።

አመርማሪው መንገድ ቀላል ነው። ጠዋት ገመዱ ሲነሣ መንጠቆዎቹን በሦስት ከፍሎ መቁጠር ነው፦ ዓሣ የያዙ፣ ማባበያቸው እንዳለ የተመለሱ፣ ባዶ የተመለሱ። ማንበብና መጻፍ የማይችል አስጋሪ በሦስት ጣሳ ውስጥ ጠጠር እየጣለ ሊቆጥር ይችላል። ይህ ለ7 ሌሊት ተደርጎ ይደመር።

ለምሳሌ ከ100 መንጠቆ 10 ዓሣ ይዞ፣ 25 ማባበያው እንዳለ፣ 65 ባዶ ተመለሰ እንበል። ይህ ሰው 100 መንጠቆ ቢጨምር ምን ያገኛል? ሌላ 65 ባዶ መንጠቆ ያገኛል። ችግሩ የመንጠቆ ማነስ ሳይሆን የማባበያ አለመጽናት ነው። እንግዲህ ከቆጠራው በኋላ እንደሚከተለው ይወሰናል፦

ሀ) ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባዶ ከተመለሰ፦ ማባበያውን በጠንካራ መለወጥ፣ የሚጣልበትን ሰዓት ወደ ማታ መግፋት፣ አሰካኩን ማረም።

ለ) ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማባበያው እንዳለ ከተመለሰ፦ በዚያ ቦታ ዓሣ አላለፈም ወይም መንጠቆው ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ማባበያው ላይ ጭቃ ካለ ትንንሽ ተንሳፋፊ መጨመር፤ ከሌለ ቦታውን መለወጥ።

ሐ) በአብዛኞቹ ሌሊቶች ከአራት መንጠቆ አንዱ ዓሣ ከያዘና የማንሣቱ ሥራ ከ3 ሰዓት በፊት ካለቀ፦ በዚያው የ2 ሜትር ርቀት 20 መንጠቆ መጨመርና ለሌላ 7 ሌሊት መቁጠር።

መ) ከተጨመረ በኋላ የዓሣው ቁጥር ካልጨመረ፦ የተጨመረውን አውልቆ ወደ ቀድሞው መመለስ። መመለስ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም፤ ለልፋትና ለማባበያ የሚወጣውን ማዳን ነው።

9. የተያዘው ዓሣ አያያዝ

ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የማይሞላ አምባዛ ቢያዝ መንጠቆው በፒንሳ ተላቅቆ ወደ ውኃው ይመለስ። አምባዛ ጠንካራ ዓሣ ስለሆነ ስንጥቡ ካልተጎዳ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። መንጠቆውን በጥልቅ ከዋጠ መንጠቆውን ለማውጣት አንጀቱን ከመበጠስ ይልቅ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል።

ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በጥላ ይቀመጥ። ከታረደ በኋላ ሆዱ ወዲያው ይጸዳ፤ በንጹሕ ውኃም ይታጠብ። ገዢ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ጥሩ ነው። ቅርፊት የለውም በማለት አምባዛ የማይበሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ገበያው እንደ ቆሮሶ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ሲበዛ እንኳ ይህ ልዩነት ይታያል። ያልተሸጠው ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በጭስ ወይም በፀሐይ ሊደርቅ ይችላል።

10. ጥንቃቄ

ሀ) በክረምት፣ ዝናቡ ሲበረታና ውኃው የዳሩን ሣር ሲያጥለቀልቅ አምባዛ ለመራባት ወደ ጥልቀት አልባው ዳር ይወጣል። በዚህ ጊዜ በሣሩ ውስጥና በወንዝ አፍ ላይ ገመድ መጣል አይገባም። በዝዋይ የመቂና የከታር፣ በሐዋሳ የጥቁር ውኃ፣ በጣና የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል ዓባይ መግቢያዎች እንደዚህ ያሉ ቦታዎች ናቸው። በጣና በተለይ ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ስለሚወጣ በወንዝ አፍ ላይ የሚደረግ ማስገር ዘሩን ክፉኛ ይጎዳል።

ለ) አንድ ዓሣ ሲነሣ ጎረቤቱ መንጠቆ ነፃ ሆኖ ይወዛወዛል። እጅን የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነፃ መንጠቆ ነው። ጓንት ማድረግ፣ ሕፃናትን በሥራው ላይ አለማሰለፍ ያስፈልጋል። የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህም ይወጋል። የተወጋ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሐ) ጉማሬ ባለበት ሐይቅ፣ በጫሞ ደግሞ አዞም ስላለ፣ ገመዱ በማለዳ የሚነሣው በጀልባ ላይ ሆኖ እንጂ ውኃ ውስጥ ገብቶ መሆን የለበትም።

መ) ማባበያ ያለው መንጠቆ ውኃው ላይ ተንሳፎ ከቀረ ወፎች ይውጡታል። ስለዚህ ገመዱ ሙሉ በሙሉ መስጠሙ ይረጋገጥ።

ሠ) የተቆረጠና የጠፋ ገመድ ተፈልጎ ይውጣ። ሐይቅ ውስጥ የቀረ ናይሎን ለብዙ ዓመት አይበሰብስም።

ረ) ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ። ስለ ፈቃድ፣ ስለተከለከለ ቦታና ወቅት በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት የአስጋሪው ግዴታ ነው።

11. ማጠቃለያ

የመንጠቆ ገመድ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ፣ ዓሣን በመጠኑ ለመምረጥ የሚያስችል፣ የተያዘውንም በሕይወት የሚያቆይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ከመንጠቆው ብዛት ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ርቀቱ 2 ሜትር፣ ክሩ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማባበያው ጠንካራና ጫጩት ያልሆነ፣ ማንሣቱም ማለዳ ይሁን። ከመጨመር በፊት ይቆጠር።

አንድ አስጋሪ ብቻውን ቢጠነቀቅ ራሱን ይጠቅማል፤ ሐይቁን ግን ብቻውን ሊያድነው አይችልም። ስለዚህ የአስጋሪዎች ማኅበራት በየማውረጃቸው ተሰብስበው ለአንድ ጀልባ ስንት መንጠቆ እንደሚበቃ፣ የትኛው ዳር በክረምት እንደሚተው፣ ጫጩት ለማባበያ እንዳይውል ቢስማሙ፣ ስምምነቱንም ራሳቸው ቢጠብቁት ከማንኛውም ምክር የበለጠ ውጤት ያስገኛል። ገበሬ ለከርሞ የሚዘራውን ዘር ለይቶ እንደሚያስቀምጥ አስጋሪውም ለከርሞ የሚያሰግረውን ዓሣ ዘንድሮ በሐይቁ ውስጥ ማቆየት ይኖርበታል።